አቶ ገነነ ዘወትር ይሉት የነበረ

አፍንጮ በር፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትህትና ገነነ፤ አርባ ምንጭ

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ የሲንስ ደህና ነው? የልጅሽ የኑሰይባ የፊት ጥርስ በቀለ ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን። ሁለት ጊዜ ደውለሽ የእኔን «ሃሎ! ሃሎ!» ብቻ ሰምተሽ እንደዘጋሽ ባለቤቴ ቆንጅት ነግራኛለች። አትቀየሚኝ፤ ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተጣላ ሦስት ዓመቱ ነው። የሰው ከንፈር ካላየሁ ንግግር አይገባኝም። በደብዳቤ መሆኑ ይሻለናል።

ይቅርታም እጠይቅሻለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥቅምት አጋማሽ ነው። እስከ ዛሬ ሳልመልስ የቆየሁት ታምሜ አይደለም፤ ሥራ በዝቶብኝም አይደለም፤ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ደህና ምክንያት ስፈልግ ከረምኩና ሳጣ እንዲሁ ልጻፍላት አልኩ።

አንቺና ናታን ተስማምታችሁ ለአባታችሁ ሐውልት ልታቆሙ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገራችሁ እህትና ወንድም በአንድ ድንጋይ ላይ መመካከራችሁ ለወዳጄ ለገነነ ከድንጋዩ የበለጠ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ነሐሴ ላይ በቀብሩ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አቶ ገነነ ዘወትር ‹በር የሚዘጋው ለንፋስ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም› ይሉ ነበር» የሚለው መጨረሻው ላይ አለ። ሐውልቱ ላይ ልታስቀርጪው ስለሆነ ቃሉ ምንም ሳይጨመር ሳይቀነስ ይኸው መሆኑን፣ ደግሞም መቼና የት እንዳለው ጠይቀሽኛል። ልጄ፣ ድንጋይ ጠባብ ነገር ነው። ረጅም ነገር ሲቀረጽበት ፊደሉ ያንሳል፤ ክረምት ሁለቴ ሲመታው አይነበብም። ከመዝሙረ ዳዊት አንድ አጭር ጥቅስ ብትመርጡ አይሻልም? እስቲ አስቡበት።

ስለ ጽሕፈት ኑሮ ለተማሪዎችሽ የሚሆን ምክር ላክልኝ ላልሽው፣ አማርኛ አስተማሪ መሆንሽ ያኮራኛል፤ ግን የተሳሳተ ሰው ጠይቀሻል። እኔ በዕድሜዬ አንድ የአጫጭር ልቦለድ መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። ያን ጊዜ በማተሚያ ቤቱ እኔ አራሚ፣ አባትሽ ፊደል ለቃሚ ነበርን፤ የእርሳስ ፊደሎችን ከየሣጥናቸው አንድ በአንድ እያነሳ ቃል አድርጎ የሚደረድር ማለት ነው። መጽሐፌን እሱ ለቀመው። ሲጨርስ «እንዴት ነው?» ብለው «ረዥም ነው» አለኝ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ነበር የሚመስለው። መጽሐፉ ከፒያሳ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የሙታንን የሕይወት ታሪክ ነው። በእድራችን ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፤ ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው።» መቶ ሠላሳ ምናምን ሰው በዚህ ሸኝቻለሁ። በወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ይመሳሰላል።

ለተማሪዎችሽ የምልከው ነገር እንዳላጣ፣ ገብረዮሐንስ የሚባሉ የአራሚዎች አለቃ ነበሩን። ሁለት ነገር ይሉ ነበር። «ቃል ቆጥበህ ጻፍ፤ ፊደል ለቃሚው ሰው ነው።» «አንባቢን አትናቅ፤ ካንተ ቀድሞ ነው የሚነቃው።» ሌላም ይሉ ነበር፤ ለልጆች ግን ይህ ይበቃል።

ለየሲን ሰላምታዬን አድርሺ።

የአባትሽ ወዳጅ፣
እንዳለ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ እንዳለ

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እትዬ ቆንጅት እንዴት ናቸው? የኑሰይባ ጥርስ አንዱ በቅሏል፣ ሁለተኛው ገና ነው። የሲንም ሰላም ብሎዎታል። እሱ እርስዎን የሚያውቅዎ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ባለው በአጎቱ ሱቅ በኩል ሲያልፉ ነው፤ «መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን የሚፈልገው ሰውዬ» እያለ ነው የሚያስታውስዎ። እንዳይቆጡት።

በእትዬ ቆንጅት ስልክ ያስላኩትን መልእክት አይቼዋለሁ። ከናታን ጋር ማን እንዳስታረቀን ጠይቀውኛል። ጋሽ እንዳለ፣ እውነት አያውቁም? እርስዎ ነዎት እኮ።

ወደ ቀብሩ የመጣሁት ከዚያው ወደ አውቶቡስ ተራ ልመለስ ነበር። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የቆሙት የእድር እናቶች እንኳን አላወቁኝም። የሲንን ካገባሁ ጀምሮ አባባ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። የምልከው ደብዳቤ ሳይከፈት ይመለስልኝ ነበር። ከቤት ስወጣ «እምነትሽን ለወንድ ሸጥሽ» ብሎኛል። አልሸጥኩም፤ ዛሬም እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፤ የሲን ራሱ ነው በሞተር የሚያደርሰኝ። ግን ይህን የምነግረው ሰው አልሰማኝም፣ ከዚያም ሞተ።

ያኔ ነው የእርስዎ ጽሑፍ መነበብ የጀመረው። «በር የሚዘጋው ለንፋስ ነው» ሲባል ናታን አንገቱን ቀና አደረገ። በሰው መሐል ሲፈልገኝ አየሁት። ሲያገኘኝ መጥቶ እጄን ያዘና ወደ ፊት ወሰደኝ። ሦስት ቀን በልጅነት አልጋዬ ላይ ተኛሁ። ኑሰይባ የአያቷን ጃኬት ለብሳ በግቢው ስትዞር ማንም «አውልቂ» አላላትም።

እና የድንጋዩ ጥበት አያሳስብዎ፤ ትልቅ ድንጋይ ነው። መዝሙረ ዳዊት ለሁሉም ሰው ነው፤ ይህ ግን የእኔ ነው። በትልቅ ወረቀት ጽፌ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አባባ እንደሆነ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይህን ብሏል። እኔ የሌለሁበትን ያንን ቀን ይስጡኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።

አክባሪዎ፣
ትህትና


አፍንጮ በር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ትህትና

ደብዳቤሽን ቆንጅት ፊት ማንበብ አቅቶኝ ደጅ ወጥቼ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቀኑን ይስጡኝ ብለሻል። እሺ።

2012 ዓ.ም. ነው፤ ሐምሌ። ጡረታ ከወጣን በኋላ ከአባትሽ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከድልድዩ በላይ ባለችው ሻይ ቤት እንገናኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን ፈርሳለች፤ ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። የዚያን ቀን ዝናቡ ከጣራው ላይ ይወርዳል፤ በሩ በንፋስ እየተላተመ ሰው አላስቀምጥ አለ። አሳላፊዋ ልትዘጋው ስትነሳ አባትሽ እጁን አነሳ። «ተይው» አላት። ከዚያም ውጪውን እያየ፣ ለእኔም ለእሷም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ ያንን ቃል ተናገረ። ስኒውን ያዘ፤ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስምሽን አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ አንዳንድ ነገር ሲጠየቅ ይበላሻል።

ይኸው ቀንሽ። ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ማስታወስ ያደክመኛል። ሐውልቱን በተመለከተ እንደፈቀዳችሁ አድርጉ።

እንዳለ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ እንዳለ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለገና በዓል አደረሰዎ፤ ዘግይቻለሁ፣ ፈተና ሳርም ከርሜ ነው።

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፤ ይስቁብኛል። ለናታን በስልክ አነበብኩለት። መጨረሻው ላይ ስደርስ «እስቲ እሱን እንደገና አንብቢልኝ» አለኝ።   ከዚያ «በይ ለጠራቢው እነግረዋለሁ» ብሎ ዘጋ። ድንጋዩ ተመርጧል፤ ጠራቢው ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጨርሶ በየካቲት መጨረሻ ቃሉን ይጀምራል። ምረቃው የካቲት 30 ነው። እርስዎ ቆመው ያንን ቅዳሜ ለሰው እንዲነግሩልን ናታንም እኔም እንለምንዎታለን። ድምፄ አይሰማም እንዳይሉ፤ እርስዎ ነዎት የማይሰሙት እንጂ ድምፅዎ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ይደርሳል።

ለተማሪዎቼም ነገርኳቸው። «ጸሐፊ ማለት ሰው ሳያውቀው ያለውን የሚሰማለት ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። እርስዎን እያሰብኩ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። እትዬ አስካለ ደውለውልኝ ነበር፤ ያው የባለቤታቸውም የአቶ ግደይ መቃብር ከአባባ ጥቂት እርምጃ ነው። በአባባ ቀብር አልነበሩም፤ ናታን ስለ ጽሑፉ ሲነግራቸው ደንገጥ ብለው «ይህማ የግደይ ቃል ነው፤ ድንጋዩ ላይ ካስቀረጽኩት አራት ዓመቴ» አሉ። እኔም አይቀየሙ፣ ጋሽ ግደይና አባባ ወዳጆች ነበሩ፣ አንዱ ከአንዱ ሰምቶት ይሆናል አልኳቸው። «ይሆናል» አሉ። ቅር ያላቸው ይመስላል። እርስዎ ሁለቱንም ያውቋቸው ነበርና አንድ ቃል ቢያስረዱልኝ?

አክባሪዎ፣
ትህትና


አፍንጮ በር፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትህትና

ሰላምታውን ዛሬ እዘለዋለሁ። ሰላምታ ከጀመርኩ ስለ ጉልበቴ አወራሽና ሳልናገር ወረቀቱ ያልቃል።

አባትሽ ያንን አላለም። አቶ ግደይም አላለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት እናት ሞታ ልጆቿ የሕይወት ታሪክ ሊያስጽፉኝ መጡ። ጻፍኩ። አነበቡትና «ጋሼ፣ ጥሩ ነው፤ ግን እማማን አትመስልም» አሉኝ። ምን ትል ነበር ብዬ ብጠይቃቸው እያለቀሱ ስለነበር ምንም አልመጣላቸውም። አሳዘኑኝ። አንድ ቆንጆ አባባል ከራሴ አውጥቼ «ዘወትር እንዲህ ይሉ ነበር» ብዬ ጨመርኩ። ሲነበብ ሰው ሁሉ አለቀሰ። የሟች እህት መጥታ እጄን ሳመች። መጽሐፌን አንብቦ እጄን የሳመኝ ሰው አልነበረም፤ ልቤ ሞቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ቤተሰብ ሁሉ «መጨረሻ ላይ ያቺን የለመድካትን አድርግልን» ማለት ጀመረ። እኔም ደብተር ገዛሁ። በባዶ ቀኔ አባባል እየፈጠርኩ እጽፍበታለሁ፤ ሰው ሲሞት ከደብተሩ የሚሆነውን እመርጥለታለሁ። የሟች ልክ ሳልወስድ የሰፋሁት ኮት ነው። ለቀስተኛ ካላለቀሰ እንጂ ካለቀሰ ማን ይጠይቃል እል ነበር።

የበሩን ለአቶ ግደይ የሰጠሁት በ2013 ነው። አባትሽ ሲሞት አዲስ አባባል አልነበረኝም፤ ጊዜውም አንድ ጠዋት ብቻ ነበር። አንቺ እንደምትመጪ ገምቻለሁ። ደብተሩን ስገልጥ የበሩ ላይ ዓይኔ አረፈ። «ይህ ለትህትና ነው» አልኩ። ማን ያስታውሳል ብዬ። አስካለ ድንጋይ ላይ እንዳስቀረጸችው እንኳን ረስቼ ነበር፤ በአቶ ግደይ ሐውልት ምረቃ ዕለት እኔው ቆሜ አንብቤው ሳለ።

ይህ እንኳን ይቅርታ ይኖረው ነበር። አንቺ ያንን ቀን ይስጡኝ ስትዪኝ ግን ቁጭ ብዬ ቀን ፈጠርኩልሽ። ያቺ ሻይ ቤት የምትላተም በር አልነበራትም፤ ወደ ላይ የሚጠቀለል የቆርቆሮ መዝጊያ ነበራት፣ ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ ይውላል። የአባትሽም እጅ አልተንቀጠቀጠም። አርባ ዓመት ፊደል የለቀመ እጅ አይንቀጠቀጥም። ስጽፈው ደስ እያለኝ ነበር የጻፍኩት፤ ይህን ነው የማፍረው። «ዝናቡ ከጣራው ላይ ይወርዳል» የሚለውን ሁለቴ ነው ያሻሻልኩት። ልጅ ስለ ሞተ አባቷ ስትለምነኝ እኔ ስለ ጣራ አማርኛ እመርጥ ነበር።

የጋሽ ገብረዮሐንስን ምክር ስልክልሽ «ሌላም ይሉ ነበር» ብዬሽ ነበር። ይኸውልሽ ሌላው፦ «ያልሰማኸውን በሰው አፍ አትክተት፤ ሟች ደግሞ አይመልስልህም።» ለተማሪዎችሽ ይህን አልላክሁም፤ ራሴን እንዳላይ።

ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ ሲባል በጽሕፈት አይመስለኝም ነበር።

ጠራቢውን አስቁሚው። በምረቃው አልቆምም። ለናታን አንቺ ትነግሪው እንደሆነ ንገሪው፤ ካልሆነም ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ። ስለዚያ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ሌላም የምነግርሽ ነበር፤ እሱ ግን የእኔ ብቻ አይደለምና ይቅር። ከግድግዳሽ ላይ ያንን ወረቀት ማውረድ እንዳለብሽ እኔ ልልሽ አልደፍርም። ይቅር በዪኝ።

እንዳለ


አፍንጮ በር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትህትና

ሦስት መስመርሽ ደርሶኛል። ሰላምታ ስለሌለው አልተቀየምኩም። የምትፈልጊው አባትሽ በእውነት ስለ አንቺ ምን እንዳለና ሳላሳምር እንድጽፈው ነው። ልሞክር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስምሽ የተነሳው። 2010 ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ቅዳሜ ነበር። ኑሰይባ መወለዷን የየሲን አጎት ሱቅ ሰምቼ ለአባትሽ ልንገረው ብዬ ሄድኩ። «ትህትና ወለደች፤ ሴት ልጅ» አልኩት።

«እሷን አታንሳብኝ» አለኝ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ ልልሽ እጄን ይበላኛል። አላቀረረም። ድምፁም አልተለወጠም። ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረ፣ አማሰለ፣ ስለ ጡረታ ጭማሪ ማውራት ጀመረ። እኔም አብሬው ስለ ጡረታ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ተገናኝተናል፤ አንድም ቀን ደግሜ አላነሳሁሽም። ሻይ እንዳይበላሽብኝ ነው። ደግሜ ብጠይቀው ምን ይል እንደነበር አላውቅም። በልቡ ምን እንደነበረም አላውቅም፤ ብዙ አባቶች በልባቸው ሌላ ነገር አላቸው ብዬ ላጽናናሽ እችላለሁ፣ ግን እሱን አልሰማሁትም።

አስካለ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። አስቀምጣኝ ሰማችኝ። «አራት ዓመት ሙሉ አበባ ይዤ እየሄድኩ ሳነበው የነበረው ያንተን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በሩን ከፍታ ቆመችልኝ፤ ወጣሁ። ቆንጅት እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ እየበላች አታዋራኝም። ደብተሩን ወስዳ ደብቃዋለች። እንዳልጽፍ ይሁን እንዳላቃጥለው አልገባኝም።

እንዳለ


አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ እንዳለ

ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ወር በላይ ቆየሁ። ምክንያት አልፈልግም፤ መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ምረቃው እንደታሰበው የካቲት 30 ተደርጓል። እንዳልመጡ አየሁ። እትዬ ቆንጅት መጥተው ከኋላ ቆመው ነበር፤ ሳልደርስባቸው ሄዱ።

ደብዳቤዎን ይዤ አፍንጮ በር የገባሁት ከምረቃው ሦስት ቀን በፊት ነው። ለናታን በስልክ መንገር አልሆነልኝም። ሁለቱንም ደብዳቤ ሰጠሁትና እሱ ሲያነብ እኔ ልብስ አጣጠፍኩ። አንብቦ ሲጨርስ «አውቅ ነበር» አለኝ። ምኑን ስለው «አባባ እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ ተናግሮ ያውቃል?» አለ። ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ከዚያ ነው ያልጠበቅኩትን የነገረኝ። አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ናታን «ትህትናን ልጥራት?» ብሎት ነበር። «ተዋት» አለው። ናታንም ተወኝ። ሳይሞት መድረስ እችል ነበር፤ አሥራ ሁለት ቀን ነበረው። «ሲነበብ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ዘልዬ ያዝኩት፤ የኔን ሸፈነልኝ» አለኝ። ሰላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሶፋው ላይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እርስዎ «የእኔ ብቻ አይደለም» ብለው የዘለሉትንም ነገረኝ። ለሕይወት ታሪኩ የሰጠዎት ወረቀት ላይ የሦስት ልጆች፣ የእሱና የሌሎቹ ሁለቱ፣ ስም ብቻ ነበር። የእኔ አልነበረም። እርስዎ አንብበው መልሰው ሰጡት፤ «አራት ናቸው፤ ሦስት ካልክ ራስህ ጻፈው» አሉት። ናታን «አባባ ቢኖር አይፈልግም» ሲልዎ «አባትህ የወለደውን እኔ አልቀንስም» እንዳሉትም ነገረኝ። ስለ በሩ ያንን ሁሉ ገጽ ሲጽፉልኝ ይህን አንድ መስመር ናታንን ላለማሳጣት እንደተዉት ገብቶኛል። በወረቀቱ ላይ ከነበረው ሁሉ እውነቱ እሱ ሆኖ ሳለ።

ጠራቢውን ስናስቆመው «በር» የሚለውን ጀምሮ ነበር። ፈግፍጎ አጠፋው፤ ቦታው ትንሽ ጎድጉዷል፣ እጅ ሲነካው ያውቀዋል። እዚያ ላይ አራታችን ልጆቹ ተስማምተን ሌላ አስጻፍን፦ «ፊደል ለቃሚ። የአራት ልጆች አባት።» ጠራቢው ጥቅስ አንፈልግም ማለታችን ገርሞት «አባታችሁ ምንም አይሉም ነበር እንዴ?» አለን። ናታን «ብዙ አይናገርም ነበር» አለው። እትዬ አስካለ መጥተው አዩት። የጋሽ ግደይን ድንጋይ እንደማያስነኩት ነግረውኛል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የሳሎኑን ወረቀት አውርጄዋለሁ። ኑሰይባ «ለምን?» አለችኝ፤ አያትሽ አላለውም አልኳት። «ታዲያ ምን አለ?» አለች። አባባ አልማረኝም፣ ጋሽ እንዳለ። «ተዋት» ብሎ ነው የሞተው። ይህን ማወቅ በየቀኑ ያመኛል፤ ግን ከዚህ በፊት ማን ምን እንዳለኝ ሳላውቅ ነበር የማለቅሰው። ለልጄ ስታድጊ እነግርሻለሁ አልኳት፤ ስታድግ እነግራታለሁ።

ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ደብተራቸው ላይ ገልብጠውት ነበር። አሰረዝኳቸው። በምትኩ የጋሽ ገብረዮሐንስን ሦስተኛውን ሰጠኋቸው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ይህን ማን ነው ያለው?» ሲል የእርስዎን ስም ጭምር ነገርኩት፤ ምን እንዳደረጉም ነገርኩት። ይህን ሳላስፈቅድዎ ስላደረግኩ አዝናለሁ።

እርስዎ ይቅርታ ብለው ጽፈውልኛል። እኔም ለመመለስ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይቅር ብያለሁ ብዬ ብጽፍልዎ እትዬ ቆንጅት ደስ ይላቸዋል፣ እርስዎም እንቅልፍ ይወስድዎታል። ግን እስካሁን አላልኩም። ያላልኩትን አልጽፍልዎትም።

ትህትና ገነነ